በፋኩልቲው በር ያሉ ጠራዦች «አንነካውም» ስላሉት የመመረቂያ ጽሑፍ

ለሕግ ፋኩልቲ ዲን ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

አመልካቾች፦
1ኛ/ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ የማታ መርሐ ግብር የሕግ ተማሪ
2ኛ/ በክፍል ጓደኞቿ «ግርጌ» የምትባል፣ የዚሁ መርሐ ግብር ተማሪ

ጉዳዩ፦ በንግድ ውድድር ሕግ ላይ በጋራ የሠራነውን የመመረቂያ ጽሑፍ ጠራዦቹ አንጠርዝም፣ መዝገብ ክፍሉም ያለ ጠራዥ ማህተም አልቀበልም ስላሉ፣ በመኪና ወንበር ልባስ እንደተጠረዘ ተቀባይነት እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዲን፣

ይህን አቤቱታ መጀመሪያ የጻፈችው ሁለተኛዋ አመልካች ናት። ረቂቋ «አሳፋሪ» በሚል ቃል ይጀምርና በዚያው ቃል ያልቃል። በቀይ እስክሪብቶ ሳርመው ከሁለት ገጽ የተረፈው አድራሻውና ሰላምታው ብቻ ሆነ። ስለዚህ በእሷ ፈቃድ፣ በእሷም ኩርፊያ፣ እንደገና ጽፌዋለሁ። እርጋታው የእኔ ነው፤ ነገሩ ግን የሁለታችንም ነው።

1. እኔ አንደኛ አመልካች ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ባለቤቴ «የእኔን ሽንኩርት አከታተፍ ስታርም ከምትውል ሂድና ተማር» ብላ ራሷ ይዛኝ መጥታ አስመዘገበችኝ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ። ልማድ ሆኖብኝ «ተቀመጡ» አልኩና ስም መጥራት ጀመርኩ። እውነተኛው መምህር ሲደርስ ግማሹን ጠርቼ ጨርሼ ነበር፤ እሱም ካቆምኩበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ስል ደግሞ «ጠመኔ» ነው የምባለው።

2. ሁለተኛዋ አመልካች «ግርጌ» የተባለችው ያለ የግርጌ ማስታወሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ስለማታውቅ ነው። አንድ ቀን ከውጭ ገብቼ ዝናብ እየጣለ ነው ብላት «ምንጭዎ ምንድን ነው?» ብላኛለች። በክፍላችን ከፍተኛውን ውጤት ያላት እሷ ናት። የምትኖረው የመኪና ወንበር ልባስ ከምትሰፋ ታላቅ እህቷ ጋር፣ ከመስፊያው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ጽሑፋችንን የተየበችው በእህቷ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ከኮምፒውተሯ ፊደላት መካከል እስካሁን የስፖንጅ ብናኝ ይወጣል።

ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚያውቀው ፋኩልቲው ለግርጌ የረዳት መምህርነት ቦታ በቅድመ ሁኔታ ሰጥቷታል። የምታግዘው ኮርስ የውድድር ሕግ ነው። ቅድመ ሁኔታው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏ ውጤት በዚህ ሳምንት ዓርብ ለቅጥር ኮሚቴው መድረሱ ነው። ገምጋሚዎቻችን ሐሙስ ሊቀመጡ ቀጠሮ ይዘዋል፤ የመዝገብ ክፍሉ የርክክብ ወረቀት ከሌለ ግን አይቀመጡም። ለእኔ ይህ ዲግሪ ሳሎን የሚሰቀል ነገር ነው፤ ባለቤቴም ቦታውን ለመስታወት ይዛዋለች። ለግርጌ ግን ሥራ ነው። በዚህ አቤቱታ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህች አንቀጽ እንዳትረሳብን እለምናለሁ።

3. በጋራ የሠራነው ወደን አይደለም። አማካሪ መምህራን ስላነሱ ፋኩልቲው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ አለን። የደረሰን አማካሪ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዛሬም ቢሮው ስገባ ብድግ ይላል። እሱ ቆሞ እኔ መቀመጤ ነውር ይመስለኛል። ስለዚህ ምክክራችን በሙሉ የተካሄደው በቁም ነው። እርማቱን በእርሳስ ይጽፍና ላጲሱን አጠገቡ አስቀምጦ ፊቴን ያያል።

4. ርዕሱ የተገኘው በእርስዎ ፋኩልቲ፣ በሁለተኛው ፎቅ ክፍል ውስጥ ነው። የውድድር ሕግ መምህራችን ነጋዴዎች ላለመወዳደር ሲስማሙ ምን እንደሚከተል እያስረዳን ነበር። ምሳሌዎቹ ሁሉ የባሕር ማዶ ነበሩ፤ የመርከብ ኩባንያዎች፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ የአሳንሰር አምራቾች። ግርጌ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከመስኮቱ ሥር ያሉትስ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። ከበሩ ፊት ለፊት የተደረደሩት አምስቱ የኮፒና የጥራዝ ቤቶች ናቸው። «እሱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል» አሉ፣ ዝም ለማሰኘት። ግርጌ ዝም የምትል ልጅ ስላልሆነች ሄዳ አስመዘገበችው። እኔም ተጣማሪዋ ነኝና ተመዘገብኩ።

5. ለጽሑፉ ስንል የሱቆቹን ስም ሰውረን ከግራ ወደ ቀኝ ሱቅ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እና ሠ ብለናቸዋል። ያገኘነውን ባጭሩ ላቅርብ።

አምስቱም በር ላይ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዋጋው አንድ ነው። ዋጋ መመሳሰሉ ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነ ለግርጌ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። ነገር ግን አምስቱም ሰሌዳዎች በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ዋጋ ሲጨምርም የአምስቱም ቀለም በአንድ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይገኛል። የሰሌዳ ጸሐፊውን ጠየቅነው። «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? አንድ ሰው ይነግረኛል፣ አምስት ቦታ እጽፋለሁ። መሰላል ተሸክሜ ስዞር እናንተ የምትሉት ሕግ መንገድ ላይ አላገኘኝም» አለን።

ሁለተኛው ግኝት የማሽኖቹ ሕመም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በቀን የሚጠረዘው በአንድ ቤት ብቻ ነው። ሰኞ ከሱቅ ሀ ሌላ የትም ቢሄዱ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይባላሉ። የሱቅ ሐ ማሽን ረቡዕ ጠዋት ይድናል፣ ሐሙስ ይወድቃል፣ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ተስፋ የለውም። ይህን በሕጉ ቋንቋ ገበያ መከፋፈል ይሉታል። ሱቆቹ «ተራ» ይሉታል።

ምስክር ፍለጋ አልደከምንም። ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ በፕላስቲክ ስለምትለብጥ በሩ ላይ ሁሉም «ላሚኔት» የሚላት የሱቅ ለ ባለቤት ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አስቀምጣን እንዲህ አለች፤ «እኛ እዚህ ስንኖር አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። ዋጋም ቢሆን ተመካክረን ነው የምንቆርጠው፤ አንዱ አንዱን አይጎዳም። ጻፉልን፣ ልጆቹ ይማሩበት!» ግርጌ እየጻፈች «እትዬ፣ ይህን ስምሽን ሳንጠቅስ ብንጠቀምበት ትፈቅጃለሽ?» አለቻት። «ለምን ሳትጠቅሱ? ጥቀሱኝ እንጂ!» አለች።

ሕጉ ነጋዴዎች እንዲፋቀሩ አይከለክልም፤ ዋጋ ላይ እንዲፋቀሩ ብቻ ነው የሚከለክለው። ይህንን ለላሚኔት በትዕግሥት አስረዳኋት። «ታዲያ በምን ላይ እንፋቀር?» አለችኝ። ጥያቄዋ በምዕራፍ ሦስት መደምደሚያ ላይ ተጠቅሷል።

6. ነገሩን ያጠመመው ምዕራፍ አራት ነው። ምዕራፉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሥራው ይህን ያህል የሚያዋጣ ከሆነ ስድስተኛ ሱቅ ለምን አልተከፈተም? ቦታ ሞልቷል፤ ማሽንም ይገዛል። መልሱን ከበሩ ውጭ ስንፈልግ ቆይተን ያገኘነው ከበሩ ውስጥ ነው።

ከዓመታት በፊት መዝገብ ክፍል መደርደሪያ ሲጸዳ ሁለት ጽሑፎች ወድቀው ተበተኑ። አንዱ ስለ ውርስ፣ ሌላው ስለ ጉምሩክ ነበር። የሰበሰባቸው ሠራተኛ ቀላቅሎ አንድ አድርጎ ጠረዛቸው። ያ ጽሑፍ ዛሬም በቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ በውስጡ ሟች ንብረቱን ኬላ ላይ ያስፈትሻል። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በቁም ነገር ጠቅሰውታል።

ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ጥራዙ ቢፈታ ተጠያቂው እንዲታወቅ በማለት፣ በኋላ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ከአምስቱ ሱቆች የአንዱ ማህተም ከሌለበት ጽሑፍ አልቀበልም አሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ስድስተኛ ሰው ቢመጣ ማህተሙን ማን ያውቅለታል? ማንም። ተማሪ ደግሞ መዝገብ ክፍሉ የማያውቀው ሰው ዘንድ አያስጠርዝም። የምዕራፍ አራት መደምደሚያ እንዲህ ይላል፤ «አምስቱ ሱቆች አጥሩን አልሠሩትም፤ ተደግፈውት ነው የቆሙት። አጥሩን የሠራው ፋኩልቲው ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። የግርጌው ከዚህ የባሰ ነበር።

7. ጽሑፉ አልቆ አማካሪያችን ሲፈርምበት ግርጌ «ጋሼ፣ ሌላ ሰፈር ወስደን እናሳትመው» አለች። እኔ ግን የሚፈለገው የእነሱ ማህተም ነው፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው ብዬ እንቢ አልኩ። እናም ስለ ጠራዦቹ ስምምነት የጻፍነውን ጽሑፍ፣ እንዲያትሙና እንዲጠርዙልን፣ ለጠራዦቹ ወስደን አስረከብን። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ስለነበረ፣ ለሱቅ ሀ።

የሱቅ ሀ ባለቤት «ሙጫ» ይባላል፤ የያዘውን ደንበኛ ስለማይለቅ ነው። በማግስቱ ስንመለስ አምስቱም ባለቤቶች ሙጫ ቤት ተሰብስበው፣ ጽሑፋችንን በየምዕራፉ ተከፋፍለው ያነባሉ። በፋኩልቲው ውስጥ ከአማካሪያችን ሌላ ያን ያህል አንባቢ አላገኘንም።

መጀመሪያ የተነሣው የሱቅ ሠ ባለቤት ነው። ይቆጣል ብለን ባልገመትነው ነገር ተቆጣ። «እኔ ሠ ነኝ? እኔ? ይህን በር መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ! ሙጫ አሁን መጥቶ ሀ ሆነ?»

«ከግራ ወደ ቀኝ ስለቆጠርን ነው» አለች ግርጌ።

«ከቀኝ መቁጠር አያስተምሯችሁም?»

ሙጫ ቀጠለ። «እርስዎን ስናከብር ጋሼ! ወንበር ሰጠን፣ ሻይ ጋበዝን፣ የሆዳችንን አጫወትን። እርስዎ ደግሞ ‹ካርቴል› ብለው ጻፉብን። ስድብ ነው አይደል?»

«ስድብ አይደለም። ላለመወዳደር የተስማሙ ነጋዴዎች ማለት ነው፤ ትርጉሙ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ» አለች ግርጌ።

«እሱን አንብቤ ነው እኮ ስድብ ነው የምልሽ!»

ላሚኔት ብቻ አልተቆጣችም። የራሷን ቃል አግኝታ ለጎረቤቶቿ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። ይሁንና ከአምስቱ አልተለየችም። «አንነካውም» አሉ በአንድ ድምፅ። በዚያ ማክሰኞ፣ ተራው የሱቅ ለ ሆኖ ሳለ፣ የአምስቱም ማሽን በአንድ ላይ ታመመ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻም አልዳነም። በሌላ ጽሑፍ ላይ ግን በሰላም ሲሠራ በዓይናችን አይተናል።

8. ወደ አማካሪያችን ሄድን። ብድግ አለ፤ ቆምን። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምዕራፍ አራትን ወደ አባሪ ብንወስደው ምን ይመስልዎታል? ሙጫም ያኔ እሺ ይላል፤ ፋኩልቲውም…» አለ።

«አባሪውን ማን ያነበዋል?» አልኩት።

«ማንም!» አለ፣ ፊቱ እየበራ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለም መልሱ አልመጣ ሲለው ጥያቄውን ያጠፋ ነበር። ሆኖም ፍትሐዊ ልሁን፤ ፊርማውን አላነሣም። «እኔ ያጸደቅሁት አራቱም ምዕራፍ እንዳለበት ነው፤ ከተጠየቅሁ ይህንኑ እናገራለሁ» ብሎናል። ላብ እያጠመቀው ነው ያለው፤ ግን ብሎናል።

9. ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ሌላ ሰፈር አሳትመን ለግርጌ እህት ሰጠናት። እህቷ ገጾቹን አገላብጣ «ይሄ የሹፌር መደገፊያ ማለት ነው፤ ጀርባው ላይ ነው ኃይሉ» አለች። በወንበር መስፊያው ክር ሰፋችው፤ በካርቶን አጠነከረችው፤ በጥቁር የወንበር ልባስ አለበሰችው። ርዕሱን በወርቃማ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው። በማስመሪያ ስለተሠራ መስመሩ ከሙጫ ሥራ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን ሊለካ ስለሚችል ነው።

የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን ባለፈው ዓርብ ነበር። በሥራ ሰዓት፣ መስኮቱ ሳይዘጋ፣ ለመዝገብ ክፍል አቀረብን። ኃላፊዋ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ምንድን ነው ይሄ? ቦርሳ ነው?»

«የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።»

ገለጡት፤ ሽፋኑን ጎተቱት፤ ገልብጠው አራገፉት። አንድም ገጽ አልወደቀም። «ጥንካሬስ አለው» አሉ። ከዚያ የኋላ ሽፋኑን ገለጡና «ማህተሙ የታለ?» አሉ። የለም ስንል መልሰው በመስኮቱ ገፉልን። ግርጌ «ያልተቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡን» ብትላቸው «ያልተቀበልኩትን ነገር በምን መዝግቤ ነው የምጽፍልሽ?» አሏት። በሕግ ፋኩልቲ ውስጥ የሰማሁት በጣም ጠንካራ ክርክር ይህ ነው።

10. ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጽሕፈት ቤትዎ ማሳወቅ ግዴታችን ነው፤ ከጽሑፋችን ግኝቶች ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳ ነውና።

በመስኮቱ ላይ ስንከራከር የተሰለፉት ተማሪዎች ጥራዙን እየተቀባበሉ አዩት። ተመራቂ ሁሉ ለመዝገብ ክፍል ከሚሰጠው ሌላ ለቤተሰቡ አንድ ቅጂ ያስጠርዛል፤ ያኛው ማህተም አይጠየቅም። ቅዳሜ ጠዋት የእህቷ መስፊያ ቤት በር ላይ ተማሪዎች ተሰለፉ። አንዱ ለእናቱ በቀይ፣ አንዷ ለአባቷ እንደ መኪናው ወንበር በቡኒ አዘዙ። እህቷም ከሙጫ ዋጋ ዝቅ አድርጋ ተቀበለች።

ትናንት ሰኞ ጠዋት በፋኩልቲው በር ላይ አምስቱም ሰሌዳዎች ቀለማቸው እርጥብ ነበር። ዋጋው ወርዷል፤ በአምስቱም እኩል፤ በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት። ግርጌ እያየች መሳቅም መናደድም አቃታት። «ጋሼ፣ ይህን አሁን የት አስገባዋለሁ? ጽሑፉ ተሰፍቷል!»

ከሰዓት ሙጫ ራሱ መስፊያው ቤት መጣ። ልባሱን በጣቱ ፈተሸ፣ ክሩን አየ፣ ተነፈሰ። «እህቴ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ለምን እንጎዳዳለን? ቅዳሜ የማንም ተራ አይደለም፤ ቅዳሜን ውሰጂ። ዋጋችንን ያዢ። የእነዚህንም ጽሑፍ እኔ በነጻ፣ ማህተሜን መትቼ እጠርዛለሁ። ምዕራፍ አራትን ብቻ ያውጡልኝ።»

እህቷ መቀሷን አስቀምጣ አሰበች። «ቅዳሜ…» አለች፤ «ቅዳሜ መጥፎ አይደለም።»

«እህቴ!» አለች ግርጌ።

«ቆይ፣ ላስብበት! አንቺ በወረቀት ትኖሪያለሽ፣ እኔ በክር ነው የምኖረው።»

የተከበሩ ዲን፣ በዚያች ደቂቃ ጽሑፋችን በሙሉ በአንዲት ሴት መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ልናስገድዳት አንችልም፤ በግርጌ ራስ ላይ ያለው ጣሪያ የእሷ ነው።

«አይ፣ አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ ሚኒባሶቹ የሚመጡበት ቀን ነው። ደግሞ ልቤ ሲያሰኘኝ ነው የምሰፋው፤ ማክሰኞም ይሁን እሑድ። አንተ ቀን የምትሰጠኝ ማን ነህ?»

ሙጫ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይህንንም ይጽፉታል?» አለኝ። እጽፈዋለሁ አልኩት፤ ይኸው ጻፍኩት።

11. ሕጉን በተመለከተ። የፋኩልቲው የመመረቂያ ጽሑፍ አቀራረብ መመሪያ አንቀጽ 11 እንዲህ ይላል፤ «ጽሑፉ በጠንካራ ጥቁር ሽፋን ተጠርዞ፣ ርዕሱ በወርቃማ ፊደል ተጽፎ ለመዝገብ ክፍል ይቀርባል።» ጽሑፋችን ጠንካራ ነው፤ ጥቁር ነው፤ ፊደሉ ወርቃማ ነው፤ ቀርቧል። ስለ ማህተም በአንቀጹ ውስጥ አንድ ቃል የለም። በሌሎቹም አንቀጾች የለም፤ ፈልጌአለሁ፣ ግርጌም ፈልጋለች፣ እሷ ያላገኘችው ደግሞ የለም ማለት ነው። በመመሪያ ያልተጻፈ ግዴታ የሠራተኛ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ይህን ያስተማረን ይኸው ፋኩልቲ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት፤ ጥሩ ውጤትም ሰጥቶናል።

አምስቱ ሱቆች እንዲቀጡ አንጠይቅም። ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ እኛም ለዚያ መሥሪያ ቤት የላክነው ነገር የለም። ግርጌ «እስካሁን» የሚል ቃል እንድጨምር ስለጠየቀች ጨምሬላታለሁ፤ እስካሁን።

12. ስለዚህ በአክብሮት የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) መዝገብ ክፍሉ ጽሑፋችንን በቀረበበት ጥራዝ ተቀብሎ የርክክብ ወረቀት ነገ ረቡዕ እንዲሰጠን፤ የቀረበውም ባለፈው ዓርብ፣ በማስረከቢያው ቀን፣ እንደሆነ እንዲቆጠርልን፤

ለ) ምዕራፍ አራትን አውጡ ማለት የሚችሉት ሐሙስ የሚቀመጡት ገምጋሚዎች ብቻ እንደሆኑ እንዲታወቅልን፣ እነሱም አንብበው እንጂ ሳያነቡ እንዳይሉ፤

ሐ) የጠራዥ ማህተም ግዴታ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ጭምር እንዲቀር። ጥራዝ ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ከማህተም ይልቅ ኃላፊዋ ባለፈው ዓርብ እንዳደረጉት ጎትቶ ማየት ይበልጣል። እሳቸው በዚህ ሥራ የተካኑ ናቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ ጥያቄያችንን ካልተቀበለው፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ፣ በፋኩልቲው ማህተም እንዲሰጠን እንለምናለን። ግርጌ ለምዕራፍ አራት ተጨማሪ ማስረጃ ታደርገዋለች፤ እህቷም ለዚህ ብላ ከኋላ ጥቂት ባዶ ገጾች ሰፍታለች። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ማስፈራሪያው በግርጌ ረቂቅ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼዋለሁ።

13. ቅጂውን ይዛ ነገ ጠዋት ወደ ቢሮዎ የምትመጣው ግርጌ ናት። አብሬያት ልምጣ ብላት «እርስዎ ከመጡ ሁሉም ይነሡልዎታል፤ እኔን ተቀምጠው ይስሙኝ» አለችኝ። ትክክል ናት፤ አልመጣም። በመተላለፊያው ላይ ወንበር እንደሌለ እናውቃለን፤ ቆማ ትጠብቃለች። እንዳትቆጣ መክሬአታለሁ፤ ምክሬን ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ነው የተቀበለችው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የወንበር ልባስ ከካርቶን ጋር ሲሰፋ ክብደት አለው፤ እሷም ደግሞ መሬት አታስቀምጠውም። እባክዎ ብዙ አያቁሟት።

ከሰላምታና ከአንድ የተሰፋ ቅጂ ጋር፣

(ፊርማ)
1ኛ አመልካች፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር

(ፊርማ)
2ኛ አመልካች፣ «አንብቤአለሁ፤ አንቀጽ 12 በጣም ለዝቧል» ከሚል ማስታወሻ ጋር